የመቶ ሃያ አንደኛው ልብ

ልጁ የወደቀው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ከአሥራ አምስት ኪሎ ሜትሩ ሩጫ አሥራ ሁለቱን ጨርሶ ዳገቱን ሊጀምር ነበር። መርማሪዋ ሻለቃ ስትደርስ በጀርባው ተንጋሎ አገኘችው። ደረቱን ሲጫኑለት የቆዩት ሁለት የቃሬዛ ተሸካሚዎች ተስፋ ቆርጠው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ጥለው ተቀምጠዋል። ጉም ነበር። ሣሩ ረጥቧል። የልጁ አፍ በትንሹ ተከፍቷል፤ አንድ ነገር ሊጠይቅ ሲል የቀረ ይመስላል።

የምልመላ ማዕከሉ አዛዥ ኮሎኔሉ ከመኪናቸው ሳይወርዱ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ።

«ሙቀት ነው ሻለቃ። ውሃ ሳይጠጣ ሮጦ ነው። ሪፖርቱን ነገ ጨርሺልኝ።»

«ጌታዬ፣ እኔ ካፖርት ለብሼ ነው የመጣሁት» አለች።

ኮሎኔሉ መስኮቱን ዘጉት።

የዛሬ ሁለት ዓመት እዚሁ ዳገት ላይ ሌላ ምልምል ወድቆ ሞቷል። ያኔ ሻለቃዋ ለአደጋ ምርመራ ሥራው አዲስ ነበረች። ሙቀት ነው አሏት፤ ሙቀት ብላ ጻፈች፤ ፈረመች። የልጁ እናት በር ላይ እጇን ይዘው «ልጄ እኮ ፀሐይ ለምዶ ነው ያደገው» አሏትና ሄዱ። አልተሳደቡም፣ አልረገሙም። ቢረግሟት ይሻላት ነበር። ከዚያ ወዲህ ምልምሎቹ በየጠዋቱ በቢሮዋ መስኮት ሥር ሲሮጡ፣ ሁሉም ካለፉ በኋላ አንድ ዘግይቶ የሚመጣ ኮቴ ይሰማታል። ብቅ ብላ ስታይ ማንም የለም።

ይህኛውን ጓደኞቹ ነፋሱ ይሉታል። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ለልዩ ኮማንዶ ጦር ከቀረቡት መቶ ሃያ ምልምሎች በሩጫ የቀደመው የለም። የጤና ማህደሩም እንከን አልነበረውም። ዓይን፣ ጆሮ፣ ሳንባ፣ የልብ ምት በማሽን የሚታይበት ኢሲጂ፣ ሁሉም ጤናማ። ከታች «ለልዩ ጦር ብቁ» የሚል ማህተም አርፎበታል።

ከሰዓት በኋላ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ከከተማው ሆስፒታል ደወለላት።

«የልቡ ግድግዳ ከልክ በላይ ወፍሯል። አብሮት የተወለደ ነገር ነው።»

«ኢሲጂ ላይ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል?»

«አንዳንዱ ያመልጣል። የዚህ ልጅ ግን አያመልጥም ሻለቃ። ይህን ልብ ማሽኑ አይቶ ዝም አይልም።»

ማህደሩን ይዛ ወደ ማዕከሉ ሐኪም ክፍል ሄደች። ዶክተሩ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት የቀራቸው ሰው ናቸው። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው አዩት።

«ጤናማ ነው ልጄ። ተማሪ እንኳ ያነበዋል።»

«ደረቱን በማዳመጫ አዳምጠውታል?»

ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «መቶ ሃያ ሰው ነበር» አሉ። ደግሞ፣ ጥያቄውን ሳትደግምላቸው፣ «አላዳመጥኩትም» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት የሟቹ ታላቅ እህት መጣች። ወላጆቻቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት። ልብስ ሰፊ ነች፤ የመለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ሻለቃዋ ዓይኗን ስታሳርፍበት እህትየው ደነገጠች።

«ውይ፣ ሳላወልቀው ነው የወጣሁት።» ጭኗ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች። «ኮት ነው። ሲመረቅ እንዲለብሰው ነበር የሰፋሁለት። ይልበሰው ብዬ ነው ያመጣሁት።»

«ልጅ ሆኖ ታሞ ያውቃል?»

«ኧረ እሱ! ሮጦ አይጠግብም። አንድ ሁለቴ ግን ሲሮጥ ራሱን ስቶ ወድቋል። ቁርስ ስላልበላ ነው ብለን ተቆጣነው።» ጥቅሉን ጭኗ ላይ አስተካከለች። «ተቆጣሁት እኮ።»

እህትየው እንባዋን ጠርጋ ቀና ስትል ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ በተከፈተው ማህደር ላይ አረፈ። የሙያ ነገር ሆኖ ቁጥሮቹን አነበበች።

«ደረት መቶ ሁለት? ይሄ የማን ልክ ነው?»

«የወንድምሽ ነው።»

«አይደለም። የሱ ደረት ዘጠና ሦስት ነው። ለዚህ ኮት ባለፈው ወር የለካሁት እኔው ነኝ። ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር እኮ ሌላ ሰው ማለት ነው።»

ሻለቃዋ ከወንበሯ ተነሳች።

ምልምሎቹ ስፖርት ሜዳ ላይ ተሰልፈዋል። ሦስተኛው ረድፍ መካከል ላይ የአንድ ሰው ክፍት ቦታ አለ፤ አሰልጣኙ ተጠጋጉ ቢላቸውም የደፈረው የለም። ከክፍቱ ቦታ ቀጥሎ የቆመው ደረተ ሰፊ ልጅ የሟቹ የመኝታ ክፍል ጓደኛ ነው። በሩጫ ሁልጊዜ ነፋሱን ተከትሎ ሁለተኛ ስለሚገባ ጥላው ይሉታል። ምልምሎቹ በሁለት ምድብ ተከፍለው ክንዳቸው ላይ ቀይ ወይም አረንጓዴ ጨርቅ ያስራሉ። የጥላው ረድፍ በሙሉ ቀይ አስሯል። እሱ ብቻውን አረንጓዴ።

ሻለቃዋ ወደ ጎን ጠራችው።

«የየትኛው ምድብ ነህ?»

«የቀይ፣ ሻለቃ።»

«ክንድህ ላይ ያለውስ?»

ልጁ ክንዱን አየ፤ ከዚያ የጓደኞቹን ክንድ። ፊቱ ላይ እፍረትም ፍርሃትም ተቀላቀለበት።

«ማለዳ ማለዳ ጨርቁን መርጦ የሚያቀብልህ ማን ነበር?»

«እሱ ነበር» አለ ጥላው ቀስ ብሎ። «ዛሬ በግምት ነው ያሰርኩት።»

ሌላ ነገር አልጠየቀችውም። ቀጥታ ወደ ጤና ምርመራ ክፍሉ ሄደች። የኢሲጂ ባለሙያዋ ገመዶቹን እየጠቀለለች ነበር። የሰውን ደረት የምትለካውም፣ ኢሲጂውን የምታነሳውም እሷ ናት።

«በምርመራው ቀን ስንት ሰው አነሳሽ?»

«መቶ ሃያ።»

«ማሽኑ የሠራውን ይቆጥራል አይደል? እስቲ የዚያን ቀን አሳዪኝ።»

ሴትየዋ ቁልፉን ተጫነች። ማሽኑ መቶ ሃያ አንድ ይላል።

«አንዱን ደግሜዋለሁ» አለች ዓይኗን ሳታነሳ። «ማህደሮቹን ከክፍል ክፍል የሚያመላልሰው አሰልጣኙ ነበር። አንድ ልጅ ይዞ ተመለሰና፣ ሽቦው ተላቆ ወረቀቱ ተበላሽቷል፣ ቅጹም አብሮ ተቀዷል፣ ከመጀመሪያው ድገሚው አለኝ። ደረቱንም ኢሲጂውንም ደገምኩት።»

«ያው የመጀመሪያው ልጅ ነበር?»

«ፊት አላይም ሻለቃ። በቀን መቶ ሃያ ደረት ነው የማየው።»

«የመጀመሪያው ምርመራ ጠፍቷል?»

«ወረቀቱን ወስዶታል። ማሽኑ ሆድ ውስጥ ግን ሳይኖር አይቀርም።»

«አውጪልኝ።»

አሰልጣኙ ሃምሳ አለቃ ነው። ዕድሜው ሃምሳን ቢጠጋም ከምልምሎቹ እኩል ይሮጣል፤ ብረቱ ይሉታል። ሻለቃዋ መሣሪያ ክፍል ውስጥ ብቻውን አገኘችው።

«ልጁ ጎበዝ ነበር?» አለችው።

«እንደሱ ያለ ሯጭ አላየሁም። ለዚህ ጦር የተፈጠረ ልጅ ነበር።»

«ሐኪሞች ባይስማሙስ?»

ብረቱ ፈገግ አለ። «እኔን በሃያ ዓመቴ እግርህ ጠፍጣፋ ነው ብለው መልሰውኛል። በጓሮ በር ገብቼ በዚያው እግር የወጣሁትን ዳገት እኔ ነኝ የማውቀው። ወረቀት ሰውን አያውቀውም ሻለቃ።»

«ቃሬዛው የሚቆመው የት ነው?»

«መጨረሻው መስመር ላይ።»

«የዚያን ቀን ግን ዳገቱ ሥር ነበር። ተሸካሚዎቹ አንተ አዛወርከን ይላሉ።»

ፈገግታው ጠፋ። «ለጥንቃቄ ነው» አለ።

በማግስቱ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሁሉንም ጤና ምርመራ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ኮሎኔሉ በሩ አጠገብ ቆሙ። ዶክተሩ፣ ባለሙያዋና ብረቱ ግድግዳውን ተደግፈዋል። ጥላው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። እህትየው በመገኘቷ ኮሎኔሉ አልተደሰቱም።

«ቤተሰብ እዚህ ምን ይሠራል?»

«የመጀመሪያውን ስህተት ያገኘችው እሷ ናት ጌታዬ።»

ሻለቃዋ ማህደሩን ከፈተች።

«የሟቹ ደረት ዘጠና ሦስት ነው፤ ማህደሩ መቶ ሁለት ይላል። ደረቱ የሌላ ሰው ከሆነ፣ እዚያው አልጋ ላይ የተነሳው ልብም የሌላ ሰው ነው። የማን? መቶ ሁለት ደረት ያላቸው ምልምሎች ሦስት ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ቀይና አረንጓዴ መለየት አይችልም። የእሱ ማህደር ግን የቀለም ሰሌዳውን አንድም ሳይስት አነበበ ይላል። ሰሌዳውን ያነበበለት ሌላ ሰው ነው ማለት ነው። ዓይኑን ያበደረው ሰው ደግሞ ልብ ቸግሮት ነበር።»

ሁሉም ወደ ጥላው ዞሩ።

«ዓይኑን እኛው ነን ያደረግነው» አለ ልጁ። «ይመልሱኛል ብዬ ሳለቅስ አየኝና በእኔ ስም ገባልኝ። ሃምሳ አለቃ ደረሰብን። ዝም አለን። በኋላ ጠራንና፣ ማሽኑ ቀጭን ሰው በደንብ አያነብም፣ ለዓይን እንዳደረጋችሁት ለደረትም አድርጉት፣ አለበለዚያ ሁለታችሁም ቤታችሁ ናችሁ አለን። ምንም የለበትም አለን። እኔም ተኛሁለት።»

«ውሸት ነው!» አለ ብረቱ።

ሻለቃዋ ሁለት ወረቀቶች አልጋው ላይ ዘረጋች። አንደኛው ማህደሩ ውስጥ የነበረው ነው። ሁለተኛው ከማሽኑ የወጣው። ከሥሩ ለማንም በሚነበብ ጽሑፍ «ጤናማ አይደለም፣ ሐኪም ይየው» ይላል። ዶክተሩ ጎንበስ ብለው አዩት። ቀና አላሉም፤ እንደጎበጡ በአልጋው ብረት ተደገፉ።

«ይህን ወረቀት ከዚህ ክፍል ወደ ዶክተሩ ይዘህ የሄድከው አንተ ነህ» አለች ሻለቃዋ። «አላነበብኩትም ልትል ትችላለህ። እኔም ላምንህ እችል ነበር። ነገር ግን ማዕከሉ ከተከፈተ ጀምሮ ቃሬዛው የሚቆመው መጨረሻው መስመር ላይ ነው። ልጁ ሊወድቅ የሚችልበት ቦታ ላይ፣ በዚያ ቀን ብቻ፣ ቀድመህ አቆምከው። ያላወቀ ሰው ቃሬዛ አያዘጋጅም።»

ብረቱ ሲናገር ያ የሜዳው ድምፁ አልነበረም።

«የፊተኛው ልጅ ሲወድቅ ቃሬዛው ሩቅ ነበር። አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። እጄ ላይ ነው የሞተው። ለዚህኛው ቃሬዛው ቅርብ ከሆነ ይበቃል ብዬ ነበር። እንዲህ የሚሮጥ ልጅ ልቡ የታመመ አይመስለኝም ነበር... ማሽኑ ነው የተሳሳተው ብዬ...» እህትየውን ሊያይ ሞከረ፤ አልቻለም።

«የፊተኛውንስ ወረቀት ቀደድክ?»

«አልቀደድኩም! ያኔ ኢሲጂ አይነሳም ነበር። ምን እንደገደለው የጠየቀ ሰው የለም።»

ሻለቃዋ መልሱ እንዴት እንደወጋት ፊቷ ላይ እንዳይታይ ወደ ኮሎኔሉ ዞረች።

«ሁለት ሪፖርት ነው የምጽፈው ጌታዬ። አንደኛው የዚህኛው ነው። ሁለተኛው፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ሙቀት ብዬ የፈረምኩት ሐሰት መሆኑን የሚገልጽ። እናቱ ጋ ራሴ አደርሰዋለሁ።»

«ይህ አንቺንም ያስጠይቅሻል» አሉ ኮሎኔሉ።

«ያስጠይቀኝ።»

ሁለት ወታደሮች ብረቱን ይዘውት ወጡ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉ። ዶክተሩ በሩ ላይ ቆም ብለው ለእህትየው ጎንበስ አሉ። ጥላው ግን ከአልጋው አልተነሳም። እህትየው ፊቱ ሄዳ ቆመች።

«ሲወድቅ አብረኸው ነበርክ?»

«ከኋላው ነበርኩ፣ እትዬ።» ልጁ ጉልበቱን በሁለት እጁ ጨብጧል። «ጉሙ ውስጥ ተንበርክኮ አየሁት። የጫማውን ክር የሚያስር መሰለኝ። አልፌው ሄድኩ። አንድም ቀን ቀድሜው አላውቅም... ደስ ብሎኝ ነበር። እየሳቅኩ ነው ዳገቱን የወጣሁት።»

እህትየው እጇን ከፍ ስታደርግ ጥላው ሊመታ የተዘጋጀ ይመስል ዓይኑን ጨፈነ። እሷ ግን እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች፤ ለመቆም የሚደግፋት ነገር የፈለገች ትመስላለች።

«እሱስ አየህ?»

«ቀና ብሎ አየኝ። በእጁ ሂድ፣ ሂድ አለኝ።»

ውጭ የአስከሬን መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል።

«እንግዲያው ተነስ» አለችው እህትየው። «ሳጥኑን ከፊት የምትይዘው አንተ ነህ።»

ሻለቃዋ በሩ ላይ ቆማ አየቻቸው። አራት ምልምሎች ከሆስፒታል ተመልሶ ደጃፉ ላይ ያረፈውን ሳጥን አነሱ። ጥላው ከፊት በቀኝ በኩል ገባ። እስከ መኪናው ያለውን ሠላሳ እርምጃ፣ ከሌሎቹ አንድ ጫማ እንኳ ሳይቀድም፣ ቀስ ብሎ ሄደ።