ዊልማ ያልጻፈችው መስመር

የሜዳው ሠራተኛ ዊልማ ፍሪዘን የሞተችው በማኒቶባ አንዲት ትንሽ ከተማ፣ በበረዶ ላይ የሚጫወቱበትን የሆኪ ሜዳ በረዶ በሚያቀዘቅዙት ማሽኖች ክፍል ውስጥ ነው። የአሞኒያ ቧንቧ ፈነዳ፤ ጋዙም ጭንብሏን አልፎ አፈናት። ወገቧ ላይ የማዳኛ ገመድ ታስሯል። የገመዱ ሌላ ጫፍ ከበሩ ውጭ ወለሉ ላይ ተጥሏል።

መርማሪ ሮወና ካርዲናል ገመዱን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ የሜዳውን ሥራ አስኪያጅ ኦርቪል ክላሰንን አስጠራች።

«ማን ነበር አብሯት?»

«ማንም። እኔ ማዘጋጃ ቤት ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ‹ሁለት ሰው ካልሆነ መግባት ክልክል ነው› ብላ መመሪያው ላይ የጻፈችው ራሷ! ምን ነክቷት ብቻዋን እንደገባች እንጃ።»

መመሪያው ሠራተኞቹ ሁሉ በኮምፒውተር እየገቡ የሚጽፉበትና የሚያርሙት የጋራ ሰነድ ነው። አንዱ የተማረውን ያክላል፣ ሌላው ያረጀውን ይሰርዛል፤ ዊልማ ደግሞ እንደ ጓሮ አትክልት ስትኮተኩተው ኖራለች።

በረዶ የሚያለሰልሰውን መኪና የሚነዳው ትሬንት ዓይኑ ቀልቷል።

«እኔ ሜዳው ላይ ነበርኩ፤ የሚጫወቱት ልጆች ሁሉ አይተውኛል።»

«ሕጉን ታውቀዋለህ?»

«ማን የማያውቅ አለ! አንዱ ይገባል፣ አንዱ በር ላይ ገመድ ይይዛል። አንዴ ብቻዬን ብገባ ዊልማ ጆሮዬን ይዛ ነው ያስነበበችኝ።»

የመጨረሻዋ ሎሬታ ነበረች፤ የሜዳውን ምግብ ቤት የምታስተዳድር፣ የዊልማ የልጅነት ጓደኛ። መመሪያውን የጀመሩት ሁለቱ ናቸው።

«ድንች እየጠበስኩ ነበር» አለች እንባዋን እየጠረገች።

«ሕጉ ሁለት ሰው ይላል አይደል?»

«እሱ ድሮ ነው። ዊልማ ባለፈው መኸር ቀይራዋለች። ‹ልምድ ያለው ሰው ብቻውን መግባት ይችላል› ነው የሚለው። ግትር ነበረች፤ ማን ይመልሳታል?»

ሮወና ሰነዱን ከፈተች። እውነትም በዊልማ ስም እንደዚያው ተጽፏል። ማን፣ መቼ ምን እንደለወጠ የሚያሳየውን ገጽ አየችና ዘጋችው።

በቀብሩ ማግስት ሦስቱንም ምግብ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበች። የዊልማ ባል ሄንሪም መጣ።

«ብቻውን የሚገባ ሰው ገመድ ምን ያደርግለታል?» ብላ ጀመረች። «ዊልማ ገመዱን ያሰረችው ጫፉን የሚይዝላት ስላለ ነው።»

«እኔ እኮ ስብሰባ—» አለ ኦርቪል።

«ተመስክሮልዎታል። ትሬንትንም ልጆቹ አይተውታል። አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። የተለወጠው በዊልማ ስም ነው፤ ግን መኸር ላይ አይደለም። አምቡላንሱ ሬሳዋን ከወሰደ በኋላ ነው። ኮምፒውተሯ እንደተከፈተ ቀርቶ ነበር። ሙት አይጽፍም። ሁለቱ የነገሩኝ የድሮውን ሕግ ነው። አዲሱን የሚያውቀው ጸሐፊው ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ ሎሬታ ዞሩ።

«ሽታው ዓይኔን አቃጠለኝ» አለች በመጨረሻ። «ገመዱ ይጎትተኝ ነበር… ለቀቅኩት። ሮጥኩ። ትወጣለች ብዬ… ከዚያ ደግሞ ለሰው መናገር ፈራሁ።»

«ፈርቶ መሮጥ በማንም ሰው ላይ ይደርሳል» አለች ሮወና። «ጥፋቱን በሟች ስም መጻፍ ግን ፍርሃት ብቻ አይደለም።»

ሄንሪ ቀስ ብሎ ተነሳ።

«ቤቴ አድረሽ ሾርባ ሠራሽልኝ። ‹በግትርነቷ ነው የሞተችው ሄንሪ› እያልሽ አብረሽኝ አለቀስሽ። እኔም አመንኩሽ። ሬሳዋን የተሰናበትኩት ተቆጥቼ ነው፣ ሎሬታ። ‹እኔን ሳታስቢ!› ብያት ነው ሳልስማት የተመለስኩት።»

ሎሬታ እጇን ዘረጋችለት።

«አሁን ይቅርታ የት ሄጄ ልጠይቃት?» አለና ኮቱን አንስቶ ወጣ።