ስልሳ ሦስት ላይ የተገኘው ድልድይ

ልጅቷ ሰፊውን መሳቢያ ስትስበው ድልድዩን እዚያ አገኘችው። ሦስት ቀን ሙሉ ሲፈለግ የከረመ የእርሳስ ንድፍ ነው፤ ቁጥሩ 1168። የተቀመጠው ግን 1163 ቦታ ላይ ነበር።

ማን እንዳስቀመጠው መጠየቅ አላስፈለጋትም። እናቷ በዩኒቨርሲቲው የጥንት ንድፎችና ህትመቶች ክፍል አስራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ዓይኗ ስምንትን ከሦስት አይለይም። ይህን የምታውቀው ልጇ ብቻ ናት። ስለዚህ በየቀኑ ከትምህርት ቤት በቀጥታ እየመጣች በሥዕሎቹ ጀርባ ያሉትን ደቃቅ ቁጥሮች ታነብላታለች። ማክሰኞ ዕለት ፈተና ስለነበረባት ቀርታ ነበር።

«አገኘሽው?» አለች እናቷ ከጠረጴዛው ማዶ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ስልሳ ሦስት ላይ።»

እናቷ ጓንቷን አውልቃ ዓይኖቿን አሸች። «ዓይን ካላዩበት ግንባር ነው ይሉ የለ? እኔም ሁለት ግንባር ይዤ ነው የምሠራው። በይ ቦታው መልሽው፤ ነገር ሳይበዛ።»

«በዝቷል እኮ፣ እማ። ኃላፊው ያንን የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራውን ልጅ ጠርጥረውታል። ትናንት ቦርሳውን ሲያራግፉት ፊቱ አመድ መሰለ። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ እንዳይገባ ተከልክሏል።»

«እኔ ሰረቀ አላልኩም።»

«አልሰረቀምም አላልሽም።»

እናቷ ጓንቱን አጣጠፈችው፣ መልሳ ዘረጋችው። «ጡረታዬ ስድስት ዓመት ቀርቶታል። ዓይኔን ካወቁ አንድ ቀን አያሳድሩኝም። ምን ይውጠናል?»

ልጅቷ ልትቆጣ አስባ ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ደክሞኛል፣ እማ። ለሁለት ሰው ማየት ደከመኝ።»

እናቷ ቀና አለች። ልጇ ከቆመችበት ትንሽ ወደ ግራ ነበር የምታየው።

«አውቃለሁ» አለች። «መደበቁ እኔንም አድክሞኛል።»

የ1168 መሳቢያ ሁለት እርምጃ ነው የሚርቀው። ልጅቷ ወደዚያ አልሄደችም። ንድፉን በማቀፊያው እንዳለ እናቷ ፊት በቀስታ አስቀመጠችው።

«አንቺ ንገሪያቸው። እኔ አብሬሽ እገባለሁ።»

ከዚያ አጠገቧ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ እናቷ እስክትነሳ ልትጠብቅ።