የተነቀለው ዋይፋይ

ስለ መንፈስ፣ ስለ ጥላ፣ ስለ ምናምን ሲወራ ከሁሉ ቀድሜ የምስቅ እኔ ነኝ፣ አንዱ «እገሌን በሕልሜ አየሁት» ካለ «እራት አብዝተህ ነው» ብዬ ሰው የማስቀይም፣ በቃ ሽቦው ካልታየኝ የማላምን ደረቅ ነኝ። ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን «ሳሚም ጀመረው» ብላችሁ እንዳታልፉብኝ፣ እኔም ባላወራው ደስ ይለኝ ነበር።

የምኖረው ባሕር ማዶ፣ ዌስተን የሚባል ሰፈር ነው፣ ሰናይት የምትባል ያገሬ ልጅ ቤት፣ ላይኛው ፎቅ አንዷን ክፍል ተከራይቼ። ከምድር በታች ያለው ቤዝመንት ውስጥ እናቷ እትዬ አስካለ ይኖራሉ። ስልካቸው ሲም ካርድ የለውም፣ በዋይፋይ ብቻ ነው የሚሠራው፣ በእሱም የሚጠብቁት አንድ ሰው ነው፣ አዲስ አበባ የቀረውን ወንድ ልጃቸውን ብሩክን። ችግሩ ሲግናሉ ቤዝመንት በደንብ አይወርድም፣ አልጋቸው ያለበት ጥግ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም። ብሩክ ደውሎ ገና ሰላም ሳይባባሉ ይቆረጥና እሳቸው ስልኩን ወደ ጣሪያው ከፍ አድርገው ክፍሉን ይዞራሉ። አንጀቴን በሉት።

እኔ ደግሞ መፈታታትና መገጣጠም ነፍሴ ነው። አንድ አሮጌ ራውተር ነበረኝ፣ ከላይ ሲግናል ተቀብሎ ወደ ታች እንዲያስተላልፍ ሴቲንጉን ቀየርኩት፣ የጫማ ካርቶን ቆርጬ ጎበጥ አድርጌ የምግብ ፎይል አለበስኩትና ከአንቴናው ኋላ አቆምኩት፣ ሲግናሉ ግድግዳ ውስጥ ከሚባክን ወደ አልጋቸው እንዲመለስ ማለት ነው። ኔትወርኩን «አስካለ» ብዬ ሰየምኩላቸው። ስልኬ ላይ ሲግናል የሚለካ አፕ አለ፣ ጠንካራ ሲሆን አረንጓዴ፣ ሲደክም ብርቱካናማ፣ ሲብስበት ቀይ ያሳያል፣ እሱን ይዤ ክፍሉን አንድ በአንድ ቴስት አደረግኩ። ያቺ ጥግ ምን ብሠራ ከብርቱካናማ አላልፍ አለች፣ ለወሬ ግን በቃች። ቢያንስ ልጃቸውን «በላህ ወይ?» ብለው መልሱን መስማት ቻሉ።

ከዚያ ብሩክ ሞተ። መኪና ገጨው። ሰናይት ወሬውን የሰማችው ሥራ ቦታ ነው። መርዶ እንዴት እንደሚነገር መቼም ታውቃላችሁ፣ ቄሱ፣ ሽማግሌው፣ ወዳጅ ዘመዱ ተሰብስቦ በማለዳ ነው፣ ቀኑም ለእሑድ ተቆረጠ፣ እስከዚያ እናት መስማት የለባትም። ድሮ ሰው ዝም ካለ ይበቃ ነበር፣ ዛሬ ግን ሶሻል ሚዲያው ሁሉ የልጁን ፎቶ ከሻማ ጋር ለጥፎታል። ሰናይት ጋራዥ ውስጥ ክንዴን ይዛ፣ «ሳሚዬ፣ በእናትህ፣ ኢንተርኔቱን አጥፋልኝ፣ ብቻዋን ቁጭ ብላ ካየችው ትሞትብኛለች» አለችኝ።

ሁሉንም ነቀልኩ። ዋናውንም ነቀልኩ፣ ያንን የሠራሁትንም ከነገመዱ አውጥቼ ክፍሌ ወስጄ አልጋዬ ላይ ጣልኩት። ለእትዬ አስካለ «ተበላሽቷል፣ እየሠራሁት ነው» አልኳቸው፣ «አይ፣ ልፋትህ» አሉኝ።

ቅዳሜ አመሻሹ ላይ ከሥራ ገባሁ፣ ያው ዊንተር አይደል፣ በጊዜ ጨልሟል። ሰናይት ቄሱ ጋ ሄዳለች። ጫማዬን ሳወልቅ ወለሉ ላይ ካለው የማሞቂያ ቀዳዳ ሳቅ ሰማሁ። እትዬ አስካለ ናቸው። «አይ አንተ!» ይላሉ፣ ዝም ይላሉ፣ «እሺ፣ እሺ ልጄ» ይላሉ፣ ደግሞ ዝም። ዝም ሲሉ መስመር ሲበላሽ የሚሰማው ዓይነት እሽሽ የሚል ድምፅ ይመጣል።

የጎረቤት ዋይፋይ አገኙ፣ ጉድ ፈላ ብዬ አፑን ከፈትኩ። የጎረቤቶቹ እንደ ወትሯቸው ቀይ ናቸው፣ ሁሉም የተቆለፉ። ከሁሉ በላይ ግን «አስካለ» ይላል። ወደ ክፍሌ ሮጥኩ፣ ራውተሩ አልጋዬ ላይ ነው፣ ገመዱ እንደተጠቀለለ ነው፣ ብነካው በረዶ። ይዤው ወረድኩ፣ እመኑኝ፣ በአንድ እጄ ያልተሰካ ራውተር፣ በሌላው ስልኬ፣ ደረጃውን በወረድኩ ቁጥር የ«አስካለ» ቀዩ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማው አረንጓዴ ይሆናል። ስንት ለፍቼባት እምቢ ያለችኝ ጥግ ጋ ስደርስ አረንጓዴው እስከ ጫፉ ሞላ።

እትዬ አስካለ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ ስልኩን ከጆሯቸው አወረዱ።

«ብሩክ ነው» አሉ። «ዛሬስ ድምፁ ጥርት ብሏል፣ አጠገቤ ያለ ነው የሚመስለው።»

«ምን አለዎት?»

«በረደኝ ይላል። ደግሞ ነገ ጠዋት ሰዎች ይመጡብሻል አለኝ።» ይህን ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። አፑን ዳግመኛ ሳየው «አስካለ» የሚል ኔትወርክ የለም።

እሑድ ማለዳ ጥቁር የለበሰ ሰው ቤቱን ሞላው፣ ቄሱም ተናገሩ። ሴቶቹ እትዬ አስካለ ራሳቸውን እንዳይጥሉ ግራና ቀኝ ቆመዋል። እሳቸው አዳምጠው ሲያበቁ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ተቀመጡ እንጂ» አሉ። በቃ። ሰናይት ስትጮህ ግን ዘለው አፏን በመዳፋቸው ያዙና «ዝም በይ!» አሏት፣ እንዲህ ዓይነት ቁጣ ከእሳቸው ሰምቼ አላውቅም።

ሰዉ «ድንጋጤ ነው፣ ቆይቶ ይወጣላታል» ብሎ ተበተነ። ይኸው ሳምንታት አለፉ፣ ምንም አልወጣላቸውም። ስልኩን ይዘው ያቺ ጥግ ይቀመጣሉ፣ እህል አይቀምሱም፣ ልብሳቸው ሰፍቷቸዋል። ባለፈው ሰናይት እያለቀሰች መጣችብኝ። «ከብሩክ ጋር አወራሁ ትላለች፣ ኢንተርኔቱ ጠፍቶ እንደነበር አንተው ንገራት፣ ማንንም እንዳላናገረች ትመን፣ አልቅሳ ካልወጣላት እሷንም መቅበሬ ነው» አለችኝ።

ወረድኩ። «እትዬ አስካለ፣ ያን ቀን ኢንተርኔት አልነበረም። እኔ ነኝ የነቀልኩት።»

«አውቃለሁ ልጄ። ስትነቅለው እያየሁህ ነበር።»

«ታዲያ…»

«መሞቱንም አውቃለሁ፣ እሱው ራሱ ነው የነገረኝ።» ስልኩን በነጠላቸው ጠርገው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። «እማዬ፣ ካለቀስሽ ይቆረጣል አለኝ።»

ወጥቼ ያሉኝን እንዳለ ለሰናይት ነገርኳት። ምነው ምላሴን በቆረጠው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰናይትም አታለቅስም።