ሦስተኛው ረድፍ ላይ የነበረው ድንጋይ

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ በዚህ ዓይነት ወሬ ከማያምኑት ሰዎች የመጀመሪያዋ ነኝ። ያደግሁት ጴንጤ ቤት ነው፣ ስለ ዛርና ስለ ቡዳ ያወራ እንግዳ አባቴ ዓይን ዓይኑን እያየው እራቱን ሳይጨርስ የሚነሳበት ቤት። ጎረቤቶቼ ጅብ በስማችን ጠራን ብለው ሲያወሩ «ስማችሁን ከየት አወቀው፣ የቀበሌ መታወቂያችሁን አይቶ ነው?» እያልኩ የምስቅ ሰው ነበርኩ። አሁን ግን አልስቅም፣ ይህንን የምነግራችሁም እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም፣ ብቻዬን መያዝ ስላቃተኝ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው፣ ከተማችንም ያኔ አዋሳ ነበር የምትባለው። አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ፣ ግን ሰፈሩ የሚያውቀኝ በታይፒስትነቴ ሳይሆን በወረፋ አያያዜ ነው። ያንን ዘመን ላልደረሳችሁበት፣ ስኳሩም ሳሙናውም ዘይቱም በወረፋ ነበር፣ ሰው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቆሞ አይውልም፣ ስለዚህ ተራው ላይ ድንጋይ አስቀምጦ ወደ ሥራው ይሄዳል። ድንጋዩ ማለት ሰውየው ማለት ነው። ሰልፉ ሲጠጋ ድንጋዩንም እያስጠጉ ይጠብቁታል፣ የሰው ድንጋይ ማንሳት የሰው ጉርሻ ከመንጠቅ የባሰ ነውር ነበር። የእኔ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፣ ጀርባው ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አድርጌበታለሁ፣ የኅብረት ሱቁ ሰልፈኞች ገና ሲያዩት «የአስቴር ድንጋይ ከፊት ነው፣ እኛ ዛሬ ሳሙና የለንም» ይሉ ነበር። እውነት ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር፣ ኮርቼበታለሁ።

ማቴዎስ ታናሽ ወንድሜ ነው። እናታችን ስትሞት እጁን አንስታ እጄ ላይ አስቀመጠችና «ማቴን አደራ» አለችኝ፣ ሌላ ቃል አልጨመረችም። በምነግራችሁ ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ብስክሌት ይጠግናል፣ ከሩቅ ድምፁን ሰምቶ የትኛው ሞተር ምን እንደጎደለው የሚናገር ልጅ ነበር። በዚያ ዓመት ግን አፈሳው በረታ፣ ወጣት ወንድ ከገበያ፣ ከመናኸሪያ፣ ከሲኒማ ቤት በር እየታፈሰ በካሚዮን ወደ ማሠልጠኛ ይጫናል፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ጦርነት። ከሰፈራችን ሄዶ የተመለሰ አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም አንድ እግሩን ትቶ። እና ማቴን ታቦር ተራራ ግርጌ ባለችው ቤታችን ሦስት ወር ሙሉ ደበቅሁት፣ ቀን መጋረጃ ጋርጄ፣ ሽንት ቤት እንኳን ሲመሽ ነበር የሚወጣው።

ታዲያ ክረምቱ ወጥቶ ለበዓል ሽር ጉድ ሲባል፣ ከአዲስ አበባ ሞተረኞች መጥተው ከተማው አስፋልት ላይ ሊሽቀዳደሙ ነው የሚል ወሬ መጣ። ማን እንደነገረው እግዜር ይወቅ፣ እኔ አልነገርኩትም።

«አስቱ፣ አንድ ቀን ብቻ።»

«አርፈህ ተቀመጥ።»

«ሦስት ወር ተቀመጥኩ እኮ! ከመቀመጥ ሌላ ምን ሠርቼ አውቃለሁ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ መዋል ጀመረ፣ ያቀረብኩለት ምግብ እንዳለ ይመለሳል። አንጀቴ አልቻለም። መሥሪያ ቤት ሰዎችን ስጠይቅ ሁሉም «በበዓል፣ በእንግዳ ፊት ማን ሰው ያፍሳል?» አሉኝ፣ መስማት የምፈልገውም ይህንኑ ነበር። ደግሞ የራሴ ስሌት ነበረኝ፣ የሚታፈሰው ሁልጊዜ ዳር የቆመው፣ መንገድ ላይ የተገኘው ነው፣ ለተመልካች በተሠራው የእንጨት መቀመጫ፣ በትሪቡኑ መሃል፣ በተከበረ ሰው መካከል ተቀምጦ ሞተር የሚያይ ልጅ ማን ይነካዋል አልኩ። ዋናው ጥሩ ቦታ መያዝ ነው፣ ቦታ መያዝ ደግሞ ለእኔ ሙያዬ ነው።

በውድድሩ ዋዜማ ከሥራ ስወጣ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይመስለኛል፣ ድንጋዬን በቦርሳዬ ይዤ ወደ ትሪቡኑ ሄድኩ። ከባሕር ዛፍ አጠናና ከጣውላ አዲስ የተሠራ ነው፣ ሞተሮቹ ከሐይቁ በኩል ታጥፈው የሚመጡበትን ኩርባ ፊት ለፊት ያያል። የሚጠብቁት ጋሽ ዳንጊሶ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፣ የሲዳማ ሰው፣ አንድ ጉልበታቸው አይታጠፍም፣ ከታች በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ቦታ ልይዝ ነው ስላቸው አልከለከሉኝም፣ «ውጪ» አሉኝ፣ ግን ዓይናቸውን ከላይ ከጣውላዎቹ ላይ አላነሱም።

ወጣሁና እንደ በግ ገዢ እያገላበጥኩ ማየት ጀመርኩ። ግራው ጥግ ላይ ኩርባው አቧራውንም ጭሱንም ይደፋል፣ ቀኙ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ዓይን ውስጥ ትገባለች፣ የላይኛው ረድፍ ይወዛወዛል፣ ከደረጃው አጠገብ ያለው የዳር ወንበር ደግሞ ምሰሶ ይጋርደዋል፣ እዚያ የሚቀመጠው ወይ ዘግይቶ የመጣ ነው ወይ ሞኝ። ሦስተኛው ረድፍ መሃል ግን ኩርባውም ይታያል፣ መጨረሻውም ይታያል፣ ጥላም አለው። እዚያ ማቴ ይቀመጣል አልኩ።

ይህን ጊዜ ከኋላዬ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ዘወር አልኩ። አሁን ያለፍኩት ጣውላ ላይ አንድ ድንጋይ ተቀምጧል። እመኑኝ፣ ቀድሞ አልነበረም፣ ያንን ጣውላ በእጄ ዳስሼ ነው ያለፍኩት። አላየሁት ይሆናል ብዬ ፊቴን መለስኩ፣ ከበስተቀኜ «ቀጭ» አለ፣ ደግሞ ከበላይ፣ ደግሞ ከበታች፣ ሰው ድንጋይ በጣውላ ላይ ቀስ ብሎ ሲያስቀምጥ የሚሰማውን ድምፅ ታውቁታላችሁ፣ እሱ ነው፣ ሌላ የእግር ኮቴ የለም፣ ትንፋሽ የለም። ስዞር ድንጋዩ አለ፣ አስቀማጩ የለም። ትንሽ ቆይቶ መሃሉ በሙሉ ድንጋይ በድንጋይ ሆነ፣ ዳር ዳሩ ላይ አንድም የለም።

እኔ ሞኟ ምን እንዳሰብኩ ታውቃላችሁ? የተቀደምኩ መስሎኝ ተናደድኩ! የቀበሌ ሹማምንት ዘመዶች ተደብቀው ቦታ እየያዙ ነው አልኩ። ሦስተኛው ረድፍ መሃል፣ ለማቴ ያልኩት ቦታ ላይም አንድ ድንጋይ ተቀምጧል፣ ተረከዝ የሚፈተግበት ዓይነት፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው። አነሳሁት። ሞቃት ነበር። ሰው ብዙ ጊዜ በጭብጡ ይዞት የቆየ ነገር አለ አይደል፣ እንደዚያ። ፀሐይ ሲያሞቀው ውሎ ነው አልኩ፣ ያን ቀን ግን ከጠዋት ጀምሮ ደመና ነበር። በጣውላዎቹ መካከል ወደ ታች ጣልኩትና የራሴን በቀይ የተቀባውን አስቀምጬ ወረድኩ። ደረጃው ላይ ስደርስ ነው ልብ ያልኩት፣ የጣልኩት ድንጋይ መሬት ሲያርፍ አልሰማሁም።

«ማን ነው ወደ ላይ የወጣው ጋሽ ዳንጊሶ?»

«ካንቺ ሌላ ማንም የለም። ትናንትም እንደዚህ ነው። ድምፁን እሰማለሁ፣ ሰው አላይም።»

«አንዱን አነሳሁት።»

ያኔ አዩኝ። «የሰው ተራ አይነካም ልጄ። ባለቤቱ ቢመጣስ?»

«የታለ ባለቤቱ?»

«እኔ አላውቅም» አሉ። «ግን ነገ የምትወጂውን ሰው እዚያ አታስቀምጪ። የግድ ካልሽ እዚህ፣ ደረጃው ጋ ይቀመጥ።»

ሳቅሁ፣ ይቅር ይበለኝ። ምሰሶ ጀርባ ማቴን? ደህና ይደሩ ብያቸው ሄድኩ።

በማግስቱ ማቴ የአባታችንን ኮት ለብሶ ወጣ፣ ሦስት ወር ፀሐይ ያልነካው ፊቱ ገርጥቶ፣ ግን መንገዱን ሁሉ እየሳቀ። ትሪቡኑ ሞልቷል፣ ጋሽ ዳንጊሶ ማቴን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ። ከትናንቶቹ ድንጋዮች አንድም አልነበረም፣ በየቦታው ሰው፣ መሃሉ ደግሞ የማቴ እኩያ ወጣቶች የሞሉበት፣ የተከበሩት ሰዎች የት እንደሄዱ እንጃ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንድ ክፍት ቦታ ብቻ አለ፣ ግን የእኔ ድንጋይ አይደለም ያለው፣ ያ የጣልኩት ቀዳዳ ቀዳዳው ነው። የእኔን ፈልጌ ሳጣ፣ ቀይ ምልክቱ ከዳር ታየኝ፣ ከደረጃው አጠገብ፣ ምሰሶው ጀርባ ያለው ወንበር ላይ።

አንድ ምቀኛ ቀየረብኝ አልኩ። በእናንተ አምላክ፣ ያን ጊዜ ቆም ብል፣ ለአንዲት ደቂቃ ባስብ ምን ነበረበት? ወረፋ ላይ ግን ማንም በልጦኝ አያውቅም። «ና፣ እዚህ ተቀመጥ» አልኩት ማቴን። ድንጋዩን አንስቶ «አስቱ፣ ይሞቃል እኮ» አለኝና እየሳቀ ኮት ኪሱ ውስጥ ከተተው። እኔ ሞተር ምኔም ስላልነበር ሄጄ ዳሩ ላይ፣ ድንጋዬ ያለበት ቦታ ተቀመጥኩ።

ውድድሩን አላየሁትም፣ ምሰሶው ጋርዶኛል፣ ማቴን ግን በደንብ አየው ነበር። ሞተሮቹ ኩርባውን በተጠማዘዙ ቁጥር ከመቀመጫው ይነሳል፣ በእጁ ነዳጅ ይሰጣል፣ አንዴ ዞሮ ፈለገኝና ሲያገኘኝ እጁን አወዛወዘልኝ። እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። በመጨረሻው ዙር፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል፣ «ቀጭ» የሚለውን ድምፅ ሰማሁ፣ አንድ፣ ሌላ፣ ሌላ፣ አሁን ግን የሚያስቀምጥ ሳይሆን የሚያነሳ ሰው ያለ ይመስል ነበር።

ወታደሮች በትሪቡኑ በሁለቱም በኩል መጡ። «ሴቶችና ሽማግሌዎች ውረዱ! ወንዶች በያላችሁበት!» ተባለ። ከጎኔ የተቀመጠ አንድ ወጣት፣ ቃሉ ሳያልቅ በደረጃው ዘሎ ወርዶ በቤቶቹ መካከል ተሰወረ፣ ማንም አልደረሰበትም። ሁለት እርምጃ ነበር፣ ከእኔ ወንበር እስከ ደረጃው ሁለት እርምጃ። መሃል ያሉት ግን የት ይሄዳሉ? እኔን ሕዝቡ እየገፋ አወረደኝ፣ «ወንድሜ ነው! የታመመ ነው!» እያልኩ ጮህኩ፣ ማን ሰምቶኝ። ካሚዮኑ ላይ ሲያወጡት አየኝ። አላለቀሰም፣ እኔን ለማጽናናት ይሁን ለቀልድ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ በሰው ትከሻ ላይ አሻግሮ «አስቱ፣ ቦታዬን ያዥልኝ!» አለኝ።

ቤት ስገባ ገና አልጨለመም። ማቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ የሚውልበት አግዳሚ ላይ፣ ያ ቀዳዳ ቀዳዳ ድንጋይ ተቀምጦ አገኘሁት። ኪሱ ውስጥ ሲከተው በዓይኔ አይቻለሁ፣ ኮቱን ለብሶ ሲጫንም አይቻለሁ። ነካሁት፣ ሞቃት ነው።

በሳምንቱ ጋሽ ዳንጊሶ ዘንድ ሄድኩ፣ የእኔን ድንጋይ እሳቸው ወደ ዳር አዛውረውት እንደሆነ እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው፣ እንደዚያ ቢሉኝ ሁሉም ነገር ይቀለኝ ነበር። ጉልበታቸውን አሳዩኝ። «በዚህ ደረጃ እወጣለሁ? አንቺ ከሄድሽ በኋላ ሁለት ጊዜ ሰማሁ። አንዱ ሲነሳ፣ አንዱ ዳር ሲቀመጥ። ሌላ አላውቅም» አሉኝና አብረውኝ አለቀሱ።

ማቴ አልተመለሰም። ደብዳቤ የለም፣ መርዶም የለም። ደርግ ወደቀ፣ ወታደሩ እየለመነ በእግሩ ወደ አገሩ ገባ፣ እኔም መንገድ ዳር ቆሜ የስንቱን ፊት አየሁ። ወደ ውስጤ ስመለከት የማገኘው ነገር ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይብሳል። አንዳንዴ ያንን ድንጋይ ባልነካው ኖሮ እዚያ ቦታ የሚቀመጠው የማን ልጅ ነበር እላለሁ፣ ከዚያም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ምነው እሱ በሆነ እላለሁ። ያ ልጅም እኮ እህት ነበረችው ይሆናል።

ድንጋዩ ዛሬም አግዳሚው ላይ ነው። ጧት ስነሳ እነካዋለሁ፣ በክረምት ብርድ እንኳን ይሞቃል፣ ለምን እንደሆነ አልጠይቅም። እንግዳ ሲመጣ ሊቀመጥ ፈልጎ ድንጋዩን ሊያነሳ እጁን ይሰዳል፣ እኔ እጁን ይዤ ሌላ ወንበር አቀርብለታለሁ። የቤተ ክርስቲያናችን መጋቢ «እህት አስቴር፣ ይህንን ነገር ጣይውና ልብሽ ይረፍ» ብለውኛል፣ እሺ አልኳቸው፣ ግን አልጣልኩትም። አንድ ጊዜ ትሪቡኑ ላይ አንስቼው የሆነውን አይቻለሁ።