ካርቶን ላይ ምሳ

«ኧረ ደሙ! አገጩ ላይ እየወረደ እኮ ነው!» ባርኮት ላፕቶፑን ወደ ክፍል ጓደኛው ወደ ሐምራዊት ገፋው።

ሐምራዊት አየችና ፊቷን አጨማደደች። ፎቶው ላይ አንድ ቤተሰብ ኩሽና ወለል ላይ ካርቶን ዘርግቶ፣ ዙሪያውን ተቀምጧል። ካርቶኑ ላይ ሲል የሚባለው የባሕር እንስሳ ሥጋ አለ፤ ወደ ጥቁር ያደላ፣ ጥሬ። አንዲት አሮጊት ግማሽ ጨረቃ በመሰለ ቢላዋ እየቆረጡ ያድላሉ። አጠገባቸው የተቀመጠው ልጅ አገጭ በደም ቀልቷል።

ሰኞ ክፍል ፊት ቆመው ስለ ኑናቩት ያቀርባሉ። ኑናቩት የካናዳ ሰሜን ጫፍ ነው። ስፋቱ የኢትዮጵያን እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው፤ ሰዉ ግን አርባ ሺህ ገደማ ነው። ሃያ አምስት መንደሮች አሉት፤ አንዱን ካንዱ የሚያገናኝ መንገድ የለም። ይህን ሁሉ ሐምራዊት ስላይዶቹ ላይ ጽፋዋለች።

«ይሄን ማንም አይሰማሽም» አለ ባርኮት። ፎቶው ላይ የሚያስመልሰውን አረንጓዴ ኢሞጂ ለጠፈ፤ ከሥሩም «ዲስገስቲንግ!» ብሎ ጻፈ። እሷም ሳቀች።

በሩ ተከፈተ። የአባቷ የሥራ ባልደረባ የነበሩት ጋሼ ዳኛቸው የበሬ ታፋ ተሸክመው ገቡ። ነገ የአባቷ ሙት ዓመት ነው፤ እናቷ ከጠዋት ጀምሮ ሽንኩርት ስትልጥ ነው የዋለችው።

«ሐምሪ፣ እስቲ ካርቶን አምጪልኝ።»

ከፍሪጁ ኋላ አንዱን ጎትታ አወጣች። አባቷ ከሚሠራበት የዕቃ መጋዘን ሲመለስ ያመጣቸው ነበር፤ የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው። ጋሼ ዳኛቸው ወለሉ ላይ ዘርግተው፣ ቁጭ ብለው መቁረጥ ጀመሩ። ባርኮት መቼ አጠገባቸው እንደደረሰ እንጃ። የመጀመሪያውን ቁራጭ አዋዜ ነክሮ ጎረሰ። አገጩ ቀላ።

«ባርኮት፣ ጥሬ ነው እኮ።»

«ቁርጥ ነዋ! ያኛው ሲል ነው፣ ይሄ ቢፍ ነው። ሴም አይደለም፣ አታካብጂ!»

አፉን ስታይ አስጠላት። ከሱ አፍ ይልቅ ግን የራሷ አፍ አስጠላት።

አባቷ ሊሞት ሦስት ወር ሲቀረው፣ የክፍል ጓደኛዋ ጄና እነሱ ቤት መጥታ ነበር። አባቷ እዚሁ ወለል ላይ ተቀምጦ ቁርጥ እየበላ ነበር። ጄና አፍንጫዋን ይዛ «ሰውየው አባትሽ ነው?» ስትላት፣ ሐምራዊት «ኖ፣ እንግዳ ነው» አለች። አባቷ እንግሊዝኛ ይሰማ ነበር። አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገና ቢላዋውን ሊያጥብ ተነሳ። አንድ ቢላዋ ለማጠብ ውሃው ብዙ ፈሰሰ።

«እንቺ እንጂ» አሉ ጋሼ ዳኛቸው፣ ቁራጭ ዘርግተውላት። «አባትሽ መጀመሪያ ላንቺ ነበር የሚቆርጠው።»

«አንዴ፣ መጣሁ።»

ወደ ላፕቶፑ ሄዳ ኢሞጂውን አጠፋች፤ ጽሑፉንም አጠፋች። በቦታው «አንድ ቤተሰብ ምሳ ላይ» ብላ ጻፈች።

«ሄይ! ቤስት ፓርቱን?» ጮኸ ባርኮት።

ካርቶኑ አጠገብ ተቀመጠችና ቁራጩን ተቀብላ አዋዜ ነክራ ጎረሰች። ሥጋው ቀዝቃዛ ነበር። ስልኳን ለባርኮት ዘረጋችለት።

«አንሳኝ።»

«ለምን?»

«ለሚቀጥለው ስላይድ።»

«አብደሻል? ክላሱ በሙሉ ነው የሚስቅብሽ! ቢያንስ አገጭሽን ጥረጊ።»

ሐምራዊት እጆቿን ጭኗ ላይ አሳርፋ፣ አገጯን ሳትጠርግ ቀና አለች።

«አንሳ» አለችው።