አረንጓዴ ክር የታሰረበት ጠርሙስ

ኢንስፔክተር ስብሓት ወንበር ላይ መቀመጥ አይሆንለትም። ሲያስብ ይቆማል፣ ሲያዳምጥ ይንጎራደዳል፣ ሻይ እንኳ የሚጠጣው ከመስኮት መስኮት እየዞረ ነው። ስለዚህ የዚያን ቀን ጠዋት አለቃው «ተቀመጥና ስማኝ» ሲለው ነገሩ ከባድ መሆኑ ወዲያው ገባው።

«ሓወልቲ ሰፈር ውስጥ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ሞተዋል» አለ አለቃው። «አቶ ከፋለ ይባላሉ። የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው፤ ግማሹን መቀሌ ሒሳብ ያስተማሩ። ሐኪሞቹ መርዝ ነው ብለዋል፤ ምን ዓይነት መርዝ እንደሆነ ግን ገና አልደረሱበትም። ጎረቤታቸው ተይዛለች። ነገ ፍርድ ቤት ትቀርባለች።»

«ጎረቤቷ ምን አድርጋ?»

«ሰናፍጭ ሰጥታቸው። ከቤቱ ሰው ሁሉ ሰናፍጩን የበሉት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ የሞቱትም እሳቸው ብቻ።»

ስብሓት ተነሣ። እንዲህ ቁልጭ ብሎ የሚመጣ ነገር ደስ አይለውም።

የተያዘችው ጎረቤት ሀፊሳ ከወሎ መጥታ መቀሌ ገበያ ውስጥ ዘይትና ቅመም ስትሸጥ ዓመታት የቆየች ሴት ናት። ጣቢያው ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ ሻሿን እስከ ግንባሯ ስባ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ አገኛት።

«ሰናፍጩን ለምን ሰጠሻቸው፣ ሓፍተይ?»

«ጋሽ ከፋለ ሆዳቸውን ከታመሙ ወዲህ ሐኪም ያልከለከላቸው ነገር የለም። ቀይ ሽንኩርት የለ፣ ነጭ ሽንኩርት የለ፣ በርበሬ የለ፣ ምስር የለ። ባዶ ሩዝና ድንች ሲውጡ ሳይ አንጀቴ አልቻለም። የእህታቸውን ልጅ ፀደይን ጠየቅኳት። ሰናፍጭ ነጭ ሽንኩርት ካልገባበት ይስማማቸዋል አለችኝ። እኔም በውኃና በጨው ብቻ በጥብጬ ወሰድኩላቸው።»

«ቀምሰሽው ነበር?»

«ረመዳን አይደለም እንዴ? ሌላው ሰው ምላሱ ላይ አድርጎ ይተፋዋል፤ እኔ ግን ጾሜን አላስነካም። ጨውን በግምት ነው ያደረግሁት።»

«ዐቃቤ ሕጉ ይህን መልስ አይወደውም።»

«አውቃለሁ። ግን ሌላ መልስ የለኝም።» ድምጿ ሰለለ። «ልጄ ሙሚና መጥታ ነበር። ሰው ከኛ የገዛውን ዘይት እያመጣ ሱቃችን ደጃፍ ላይ ያስቀምጣል አለችኝ። ገንዘባችንን መልሱ እንኳ አይሉም፤ አስቀምጠው ይሄዳሉ። ወላሂ፣ ከእስሩ ይልቅ እሱ ነው ያቃጠለኝ።»

ስብሓት ወጣ። ባጃጅ ውስጥም ጉልበቱን ሲያወዛውዝ ሹፌሩ ሁለት ጊዜ ዞር ብሎ አየው።

የአቶ ከፋለ ግቢ ውስጥ የለቅሶው ድንኳን ገና አልተነሣም። ባለቤታቸው ወይዘሮ የኔአለም ጥቁር ለብሰው ቤት ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። የሟች ታናሽ ወንድም አቶ ሔሩይ አጠገባቸው ናቸው፤ አብረው የሚኖሩ፣ ጥርስ የማያስከድኑ ቀልደኛ ሰው ናቸው ይባላል፤ ዛሬ ግን ፊታቸው ተጨማትሯል። ፀደይ ከወዲያ ወዲህ እያለች ለቀስተኛውን ታስተናግዳለች። ዓይደር አካባቢ ባለ አንድ ክሊኒክ የምግብ ባለሙያ ናት፤ አጎቷ የሚበሉትንና የማይበሉትን የለየችውም እሷ ነች።

«ያችን ሴት አትልቀቋት» አሉ ወይዘሮ የኔአለም፣ ስብሓት ገና ሐዘኑን ገልጾ ሳይጨርስ። «እንደ እህት ነበር የማያት። ከቤቴ ገብታ ወጥታ፣ በእጇ አጉርሳ ገደለችብኝ።»

«ሕራይ፣ እመቤቴ። አስቀድመው ግን ማድ ቤቱን ያሳዩኝ።»

ማድ ቤቱ ንጹሕ ነበር። መደርደሪያው ላይ የተደረደረው ብልቃጥና ጠርሙስ ሁሉ አንገቱ ላይ ክር ታስሮበታል፤ አንዳንዱ ቀይ፣ አንዳንዱ አረንጓዴ።

«ቀይ ለአጎቴ የተከለከለ ነው፤ አረንጓዴ የተፈቀደ» አለች ፀደይ። «ሁሉን ነገር አንድ በአንድ አይቼ ነው ያሰርኩት። ሰሊጥ ዘይት፣ ኮምጣጤ፣ ዝንጅብል አረንጓዴ ናቸው። አዋዜና በርበሬ ቀይ።»

ስብሓት ቀይ ክር የታሰረበትን አዋዜ የታሰረ ዘመዱን እንደሚጠይቅ ሰው በሐዘን አየው። እሱ ያለ አዋዜ እህል አይወርድለትም፤ ጨጓራው የሚከፍለውን ዋጋም እሱና ጨጓራው ብቻ ያውቁታል።

«ነጭ ሽንኩርት ተከልክሎ የለም? ለቀስተኞች ግን በነጭ ሽንኩርት ዘይት ይበሉ ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«እሱ አረንጓዴ ነው። ነጭ ሽንኩርት ውስጥ ያለው ሆድ የሚያሳምም ነገር ዘይት ውስጥ አይሟሟም፤ ሽታውና ጣዕሙ ብቻ ነው የሚገባው። ለአጎቴ አንድ የቀረለት ማጣፈጫ እሱ ነበር።»

«ያሳዩኝ፣ ወይዘሮ የኔአለም።»

ወይዘሮ የኔአለም ሳያስቡ እጃቸውን ከምድጃው በላይ ወዳለው መደርደሪያ ላኩ። እጃቸው ባዶ ቦታ ዳሰሰ። ግራ ገብቷቸው ቆሙ።

«ፍሪጅ ውስጥ ነው አክስቴ» አለች ፀደይ ቶሎ ብላ።

«እህ። ሐዘን አፍዞኝ ነው» አሉ ሴትየዋ።

ስብሓት ፍሪጁን ከፈተ። ለሕመምተኛው የተቀቀለ ዶሮ በድስት እንዳለ ተቀምጧል። ከጎኑ አረንጓዴ ክር የታሰረበት ጠርሙስ አለ፤ የነጭ ሽንኩርቱ ፍሬዎች ከዘይቱ ሥር ተኝተዋል። ሲያነሣው ጠርሙሱ ጣቱ ላይ ተጣበቀ። አካሉ በጥቀርሻና በወጥ እንፋሎት ተለውሷል። ቀና ብሎ ወይዘሮ የኔአለም የዳሰሱትን መደርደሪያ አየ፤ ጥቀርሻ የለበሰው እንጨት ላይ አንድ ክብ ቦታ ብቻ ንጹሕ ሆኖ ይታያል። ጠርሙሱን በፌስታል ጠቀለለና ፍሪጁን ዘጋ።

«ከዚህ ዘይት ሌላ ሰው በልቷል?»

«ሁላችንም» አሉ ወይዘሮ የኔአለም። «ሽሮዬ ምድጃ ላይ ሲንተከተክ ጠብ አደርግበታለሁ። የዘንድሮን ጾም ያጣፈጠልን እሱ ነው። ይኸው አለን።»

«ዘይቱ ቢሆን ኖሮ ሁላችንም አልቀን ነበር» አሉ አቶ ሔሩይ ከበሩ ላይ። «ሰናፍጩ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?»

«አቶ ከፋለስ ዘይቱን በምን ይበሉት ነበር?»

«ሩዛቸው ላይ አፈስላቸዋለሁ። እሳቸውማ ሽሮ አይፈቀድላቸው» አሉ ወይዘሮዋ፤ እንባቸውም መጣ።

ስብሓት አቶ ሔሩይን ይዞ ወደ ግቢው ወጣ። እየተንጎራደደ ስለ ሟቹ የመጨረሻ ቀናት ጠየቃቸው።

«እሑድ ማታ ዳዊት እየደገሙ ነበር» አሉ አቶ ሔሩይ። «‹ሔሩይ፣ ፊደሉ ሁለት ሁለት ሆነብኝ› አሉኝ። ቀና ስል የዐይናቸው ቆብ ወርዷል። እንቅልፍ መስሎኝ፣ ‹ወንድም ጋሼ፣ አንዱን ፊደል ለእኔ ይስጡኝና አብረን እንድገም› ብዬ ቀለድኩባቸው።» አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። «ሰኞ ከቀትር በኋላ መዋጥ አቃታቸው። ማታ ሆስፒታል ወሰድናቸው፤ ሳይነጋ ትንፋሻቸው ቆመ። እኔ እኮ ቀለድኩባቸው፣ ጌታው።»

«ሀፊሳ ሰናፍጩን መቼ ነበር ያመጣችው?»

«ሰኞ ጠዋት።»

ስብሓት መንጎራደዱን ተወ። ግቢው መሐል ቀጥ ብሎ ቆመና ስልኩን አወጣ። አቶ ከፋለን ላከማቸው ሐኪም ደውሎ ሁለት ጥያቄ ጠየቀ፤ መልሱን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ግን አላለውም። ሀፊሳን ነጻ የሚያወጣው ነገር ሌላ ሰው ላይ እንደሚወድቅ አስቀድሞ ገብቶት ነበርና።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሁሉንም አንድ ክፍል ውስጥ ሰበሰባቸው። ሀፊሳን ከጣቢያ በመኪና አስመጣት፤ ሰናፍጩም ከነብልቃጡ መጣ። ወይዘሮ የኔአለም ሀፊሳን ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

«በሉ ስሙኝ» አለ ስብሓት። «መጀመሪያ ሰናፍጩን እንተወው። አቶ ከፋለ ፊደል ሁለት ሁለት የሆነባቸው እሑድ ማታ ነው። ሰናፍጩ እዚህ ቤት የገባው ሰኞ ጠዋት ነው። ሰው ነገ በሚበላው ነገር ዛሬ አይታመምም።»

አቶ ሔሩይ ጋቢያቸውን ከአፋቸው አወረዱ። ሀፊሳ ግን ካቀረቀረችበት አልተነሣችም።

«እንግዲህ ከዚያ በፊት ይበሉት የነበረውን እንይ። ሩዝ፣ ድንች፣ ዶሮ፣ ጨው፣ ዘይት፤ ከነዚህ መሐል የሚያጠራጥረኝ አንድ ብቻ ነው፤ ያ የሽንኩርት ዘይት። ሐኪሙን ጠየቅኩት። ነጭ ሽንኩርት ከመሬት ይዞት የሚመጣ፣ በዐይን የማይታይ ተዋሲ አለ አለኝ። ዘይት ውስጥ ተደፍኖ ሙቀት ላይ ከከረመ መርዝ ያፈራል። መርዙ ሽታ የለውም፣ ጣዕም የለውም። ዐይን ላይ ይጀምራል፤ ከዚያ ጉሮሮ፤ በመጨረሻ ትንፋሽ።»

«እኛም በልተነዋል እኮ» አሉ አቶ ሔሩይ።

«ሁለተኛው ጥያቄዬ እሱ ነበር። መርዙ በደንብ ሲፈላ ይጠፋል። የእናንተ ሽሮ ምድጃ ላይ ሲንተከተክ ቆይቶ ነው የሚወጣው። አቶ ከፋለ ግን ዘይቱን በጥሬው ነበር የሚበሉት። ሁላችሁም ከአንድ ጠርሙስ በላችሁ፤ እሳት ያላየውን የበሉት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።»

ፀደይ ዐይኖቿን ጨፈነች።

«ፀደይ፣ ይህ ዘይት የት ይቀመጥ ብለሽ ነበር?»

«ፍሪጅ ውስጥ።»

«ለምን እንደሆነ ነግረሻቸዋል?»

«አልነገርኳቸውም። ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት ብቻ ነው ያልኩት።»

«ፍሪጅ ውስጥ የኖረ ጠርሙስ ጥቀርሻ አይለብስም፤ ይህ ግን ለብሷል። ምድጃው ራስጌ ያለው መደርደሪያ ላይም የሥሩ ልክ ንጹሕ ክብ ሆኖ ይታያል። ዘይቱ እዚያ ከርሞ፣ አቶ ከፋለ ከሞቱ በኋላ ነው ወደ ፍሪጅ የተመለሰው።»

ወይዘሮ የኔአለም ከግድግዳው ዞሩ። ዐይናቸው እሳት ሆኗል። «ማነው ከፍሪጅ ያወጣው?» አሉ። «ማነው ባሌን የገደለብኝ? ንገረኝ። ከዚህ ቤት ማን ነው?»

ስብሓት መልሱ ምላሱ ላይ ነበር። ከሥራው ሁሉ የሚጠላው ይህችን ሰዓት ነው። ባለቤቱም በዐቢይ ጾም ልክ እንደዚሁ ታደርጋለች፤ የጾም ዘይቷን ከልጆቹ ወተት ጎን አታስቀምጥም። ፍሪጁን ሲከፍት ዶሮውንና ዘይቱን ጎን ለጎን ያየ ጊዜ ነገሩን የፈታለትም ይኸው ነበር። አሁን ግን ቃሉ አልወጣ አለው።

«ንገረኝ እንጂ» አሉ ወይዘሮዋ። «እኔ ከቅበላ ማግስት...» አሉና አቆሙ።

ወይዘሮ የኔአለም ቀኝ እጃቸውን፣ ያን ባዶ መደርደሪያ የዳሰሰውን እጅ፣ አንሥተው አዩት።

«የንስሐ አባታችን ለእሳቸው ዶሮ ፈቀዱላቸው» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ። «ዘይቱን እኔም ለሽሮዬ እጠቀምበታለሁ። ከዶሮው ጋር አንድ ላይ ሲሆን ጾሜን ያረከስኩ መሰለኝ። አወጣሁት። እኔ ነኝ። እኔው ነኝ።»

«አክስቴ» አለች ፀደይ፤ እግራቸው ሥር ወደቀች። «ከቀብሩ በኋላ መደርደሪያው ላይ ሳየው ገባኝ። ሳታውቂ እንድትቀሪ ብዬ መለስኩት። ለምን ፍሪጅ እንዳልኩ አንድ ቃል ብጨምር ኖሮ አጎቴ አይሞትም ነበር።»

«ሀፊሳ ስትታሰርስ?» አለ ስብሓት። ድምፁ አልጮኸም፤ ግን ለስላሳ አልነበረም።

ፀደይ ከወለሉ ቀና ብላ ሀፊሳን ለማየት አልደፈረችም።

«ወንጀል አለ ካልን ያ ዝምታ ነው» አለ ስብሓት። «ነገ ጠዋት ጣቢያ መጥተሽ ቃልሽን ትሰጫለሽ። ሓፍተይ ሀፊሳ፣ አንቺ ዛሬ የምታፈጥሪው ቤትሽ ነው።»

ሀፊሳ አልተንቀሳቀሰችም። ሁሉም በሩን ከፍታ ስትወጣ ይጠብቅ ነበር፤ መብቷም ነበር። እሷ ግን ተነሥታ ወይዘሮ የኔአለም አጠገብ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። ሴትየዋ እጃቸውን ከራሳቸው አርቀው፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል፣ አሁንም እያዩት ነበር።

«እትዬ፣ ስታወጪው ለማን ብለሽ ነው?» አለች ሀፊሳ። «ለጾምሽ ብለሽ። እኔስ ሰናፍጩን ሳልቀምስ የሰጠሁት ለማን ብዬ ነው?»

ወይዘሮ የኔአለም ወደ ሀፊሳ ዞሩ። «ገዳይ አልኩሽ እኮ። ሰው ፊት።»

«ብለሽኛል» አለች ሀፊሳ። «ቀላል አልነበረም። ነገ ሰው ፊት ቃልሽን ታነሺልኛለሽ፤ ሱቄ ድረስ መጥተሽ።»

«እመጣለሁ። በእግሬ እመጣለሁ።»

ከሩቅ የመግሪብ አዛን ተሰማ። አቶ ሔሩይ ውኃ አመጡ፤ ለቀስተኛ ያመጣውን ዳቦም አቀረቡ። ሀፊሳ ውኃውን ጠጣች። ከዚያ እጇን ወደ ጠረጴዛው ዘርግታ የሰናፍጩን ብልቃጥ አነሣች። ስብሓት ኤግዚቢት ነው ሊል አፉን ከፈተና ተወው። ሀፊሳ ዳቦ ቆርሳ ሰናፍጩን አጠቀሰችበት፤ ጎረሰች፤ ቀስ ብላ አላመጠች።

«ጨው አንሶታል» አለች።

ወይዘሮ የኔአለም ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም ነበር። በዚያው በቀኝ እጃቸው ዳቦ ቆረሱና ከዚያው ብልቃጥ አጠቀሱ። ስብሓትም ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ እስኪጨርሱ ድረስም አልተነሣም።