ዱቄት የለበሰው ድራም

የምጽፈው የሆነውን ነው። ያላመነኝ ሐረር ይምጣና ወፍጮ ቤቴን አሳየዋለሁ። የኋላው ክፍል በር ክፍት ነው።

ለምን ክፍት እንደተውኩት ስትጨርሱ ይገባችኋል።

ሰዓቱ ቀን ስድስት ሰዓት ነበር። ቀትር። ሰው ሌሊቱን ይፈራል፤ እናቴ ግን የምትፈራው ቀትርን ነበር። "ጥላ እግር ስር ሲገባ ሰው ብቻውን አይቁም" ትለን ነበር።

ሌላም ትለን ነበር...

"የማታዪው ድምፅ በስምሽ አንዴ ብቻ ቢጠራሽ አቤት አትበይ። ሰው ከሆነ ይደግማል።"

ይቺን ያዙልኝ።

ብርነሽ እባላለሁ። ወፍጮ ቤቱ ጊደር መጋላ ገበያ አጠገብ ነው፤ ከአባቴ የቀረልኝ። ሞተሩን የሚያስነሳው፣ ድንጋዩን የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ቺንጋውን የሚያጠብቀው፣ ከደንበኛ ጋር የሚጨቃጨቀው ዓብዱላሂ ነው። አብረን አርጅተናል ማለት ይቻላል።

ከወፍጮው ጀርባ አንድ ክፍል አለ። እዚያ ክፍል ውስጥ ወንድሜ ኤልሳዕ ድራም ይመታ ነበር።

እኛ ጋ ቤት ከቤት የተጣበቀ ነው። መኖሪያ ቤት ድራም ቢመታ ሰፈሩ ይነሳበታል። ወፍጮው ሲጮህ ግን የሱን ጩኸት የሚሰማው የለም። ለዚያ ነው።

ኤልሳዕን ያሳደግኩት እኔ ነኝ። እናታችን ስታርፍ ገና ድክ ድክ ይል ነበር። የቁልቢ ገብርኤል የስለት ልጅ ነው፤ ክርስትናም እዚያው ነው የተነሳው።

ልጅ ሆኖ የቀኝ እጁን ትንሿን ጣት ቺንጋው ያዘበት። ጣቷ ተረፈች፤ ግን እንደ ማጭድ ጎብጣ ቀረች። አባቴ "ይሄ ልጅ በእጁ አይበላም" ብሎ አለቀሰ።

በዚያች እጅ ድራመር ሆነ።

ሲጀምር የሚመታው የዘይት ጀሪካን ነው። ከዚያ ድሬዳዋ ሆቴል ውስጥ ከባንድ ጋር። ከዚያ አዲስ አበባ ሄደ፤ ሮክ የሚሉትን፣ ዘፋኙ እንደሚታረድ በግ የሚጮህበትን መምታት ጀመረ። ቀጥሎ የባሰ አመጣ። የፋብሪካ ሙዚቃ ነው አለኝ። ብረት በብረት እየተፋጨ... የኔን ወፍጮ በስልኩ ቀዳና በላዩ ላይ ድራም መታበት፤ ውጭ አገር ላከው።

"ይሄን ቁጭ ብሎ የሚሰማ ሰው አለ?" አለው ዓብዱላሂ።

"ሞልቷል።"

"ወላሂ እኛ በነጻ ደንቁረንበታል አቦ።"

የራሱ ባንድ ኖሮት አያውቅም። በጥሪ ነው የሚሠራው። ድራመር የታመመበት፣ የተጣላበት፣ ስቱዲዮ ገብቶ አልሆን ያለው ሁሉ ኤልሳዕን ይጠራል። ሠርግ ካሉት ሠርግ፣ ሮክ ካሉት ሮክ። የፈለጉትን ሰው አመታት ቁጭ አድርጎ ያመጣላቸዋል። ዘፈኑ ላይ ግን ስሙ አይጻፍም።

"አይከፋህም?" አልኩት።

"ብርዬ፣ እኔ እጅ ነኝ። እጅ ስም ምን ያደርግለታል?"

እየሳቀ ነው ያለኝ። እኔ ግን አልሳቅኩም።

አምና ከፋሲካ በኋላ ተደወለለት። ደዋዩ ሀብተወልድ ይባላል፤ አዲስ አበባ የአንድ ሮክ ባንድ አለቃ ነው። ዘላለም የሚባል ድራመራቸው አልበሙ ሳያልቅ ሞተባቸው። የቀሩትን ዘፈኖች ኤልሳዕ እንዲመታላቸው ነው። ግን እንደ ዘላለም። ሰሚ ሁሉ ዘላለም ነው እንዲል።

ሄደና የሟቹን ድራም አስጭኖ መጣ። መምቻውን፣ መቀመጫውን፣ ሁሉንም። እዚህ ተለማምዶ፣ እዚሁ ቀድቶ ሊልክላቸው ነው።

"አርባው ወጥቷል?" አልኩት።

አቀርቅሮ የዕቃውን ገመድ መፍታት ቀጠለ።

"አርባው ሳይወጣ የሟች ዕቃ አይነካም። ይሄን ሳላስተምርህ ነው ያሳደግኩህ?"

"ዕቃው ከሌለ ድምፁ አይመጣም ብርዬ።"

"አይምጣ።"

"ሥራ ነው እኮ።"

ዘላለም በግራ እጁ ነበር አሉ የሚመታው። ኤልሳዕ ድራሙን ሁሉ ገልብጦ ተከለው። የቀኙን ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ።

ከጠዋት እስከ ማታ እዚያ ክፍል መዋል ጀመረ። ሀብተወልድ ሲደውል አንዳንዴ ተሳስቶ "ዘላለም" ብሎ ይጠራዋል። ኤልሳዕም እየሳቀ "አቤት" ይላል።

"ምን ያስቃል?" አልኩት።

"ለሥራው ይረዳኛል። እሱን የሆንኩ ይመስለኛል።"

"ስማ፤ ወፍጮ ባዶውን ከዞረ ድንጋዩ የሚበላው ራሱን ነው። አንተም ለእንግዳ ቦታ እለቃለሁ ብለህ ራስህን አትድፋ።"

ግንባሬን ስሞኝ ገባ።

ከዚያ ትንንሽ ነገር መጣ...

ምሳ ስናቀርብ በግራ እጁ ጎረሰ። ዓብዱላሂ እጁን ከትሪው ሰበሰበ። "ኤልሳዕ" ስለው እጁን አየው... የሌላ ሰው እጅ ከጉያው እንደወጣ ዓይነት።

ሚጥሚጣ የማይነካው ልጅ ሚጥሚጣ አምጪ አለኝ።

ጫማው ጠበበኝ አለ። ያው ጫማ ነው።

እኔ ሰበብ ፈለግሁለት። ደክሞት ነው አልኩ። እንቅልፍ አጥቶ ነው አልኩ።

አንድ ቀን ቀትር ላይ መብራት ጠፋ። እኛ ጋ መብራት መጥፋት ብርቅ አይደለም። ሞተሩ ቆመ። ቺንጋው ሁለት ሦስቴ ተወዛውዞ ጸጥ አለ።

ከኋላ ድራሙ ይሰማል። ድራም መብራት አይፈልግም። ስለዚህ ምንም አላልኩም። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ የዛሬው የድሮው የኤልሳዕ አመታት ነው። ጀሪካን ላይ ይመታት የነበረች፣ መጨረሻዋ ላይ አነክሳ የምትመለስ አመታት።

"ኤልሳዕ፣ ምሳ" ብዬ ተጣራሁ።

"መጣሁ" አለኝ።

ከውጭ ነው ያለኝ። ከመንገድ በኩል።

ዞር ስል በር ላይ ቆሟል። ሸዋ በር ሄዶ የገዛውን ዳቦ ታቅፎ።

ድራሙ አላቆመም...

ዓብዱላሂ አፉ ውስጥ ያለውን ጫት ማላመጡን ተወ።

"ማን አለ ውስጥ?" አልኩ በሹክሹክታ።

"ማንም። ቁልፉ ይኸው።"

"ታዲያ ማነው የሚመታው?"

ኤልሳዕ ጆሮውን አዘነበለ። ፊቱ አመድ መሰለ።

"ብርዬ... እኔ ነኝ።"

"ምን?"

"የኔ አመታት ነው። የራሴ።" ጠረጴዛው ላይ በጣቱ ሊመታት ሞከረ። አልመጣለትም። ደገመ። አልመጣለትም። "እንዴት እንደነበረች ረሳኋት። ጠፋችብኝ።"

ድራሙ ቆመ።

ከፍተን ገባን። ማንም የለም። ወፍጮ ቤት ነውና የዱቄት ብናኝ ሁሉን ያለብሳል። መቀመጫው ላይ ዱቄቱ እንደተኛ ነው፤ ሰው አልተቀመጠበትም። መሬቱ ላይ ዱካ የለም። የድራሙ ቆዳ ላይ ያለው ዱቄት ብቻ ገና ይንቀጠቀጣል። ልክ አሁን የተመታ።

"ይሄ ሥራ እዚህ ላይ ያበቃል" አልኩት።

"አንድ ዘፈን ነው የቀረኝ።"

"አንድም አይቀርህም። ዕቃውን ለባለቤቶቹ እመልሳለሁ። ወንድሜን ከሙት ጋር አልካፈልም።"

እሺ አለ። እውነቴን ነው፣ እሺ ብሎ አለቀሰ። በሩን ቆለፍኩ፣ ቁልፉን ጡቴ ስር ከተትኩ። ሀብተወልድ ሲደውል ስልኩን እኔ አነሳሁና ፈልገህ ሌላ ሰው አስመታ አልኩት። ጫኝ መኪናም ተነጋገርኩ።

መኪናው ሊመጣ በነበረበት ቀን ምሳ ልንበላ ተቀመጥን። ቀትር ነው። መብራት የለም። ኤልሳዕ በቀኝ እጁ ለመብላት ይታገላል፤ እንጀራው ከጎባጣዋ ጣቱ ስር ይወድቅበታል። ዓብዱላሂ ሊያስቀው "ማንኪያ ላምጣልህ ሙሽራው?" አለው። ፈገግ አለ።

ያቺን ፈገግታ አልረሳትም። የሱ የመጨረሻዋ ናት።

ከተቆለፈው ክፍል ውስጥ አንድ ድምፅ ተጣራ። ዝግ ብሎ...

"ዘላለም።"

አንዴ ብቻ።

እጄን ዘርግቼ አፉን ልይዘው ስል...

"አቤት" አለ ኤልሳዕ።

አስቦት አይደለም። ሰው ሲጠራህ አቤት በል ብዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ።

ተነሳ። ክንዱን ያዝኩት፤ እንደ ዱቄት ተንሸራተተኝ። የቆለፍኩት በር ተከፈተለት። ገባ። ተዘጋ። ቁልፉ ጡቴ ስር ነው፤ ብረቱ ይቀዘቅዘኛል።

ከዚያ ተመታ። የመጨረሻው ዘፈን። እንደዚያ ሲመታ ሰምቼ አላውቅም። ግድግዳው ላይ ያለው ዱቄት ይራገፋል። ዓብዱላሂ በትከሻው በሩን ይገፋል፣ እኔ በእግሬ እደበድባለሁ። በሩ ከግድግዳው ጋር አንድ ሆኗል።

ጸጥ አለ።

በሩ ራሱ ተከፈተ።

ወጣ። ላብ አጥምቆታል። ልብሱ የኤልሳዕ ነው፣ ፊቱ የኤልሳዕ ነው። አየኝና አንገቱን ሰበር አደረገ።

"ይቅርታ እትዬ። አስቸገርኩዎት።"

እትዬ... አስቸገርኩዎት...

ጡት ያስጣልኩት ልጅ ነው።

እጁን ታጥቦ ተቀመጠ። በግራ እጁ መብላት ጀመረ። ቀኙን ጭኑ ላይ አሳርፎታል። አየሁት። ትንሿ ጣት ቀጥ ብላለች። ከሌሎቹ ጋር ተስተካክላ፣ ምንም ያልነካት።

ዓብዱላሂም አይቷል። "አዑዙ ቢላህ" አለ በከንፈሩ።

የኤልሳዕን የክርስትና ስም ከኔ ሌላ የሚያውቅ የለም። ያጠመቁት ቄስ ሞተዋል፣ እናታችን ሞታለች። ጠራሁት።

"ወልደ ገብርኤል።"

ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ቀና አላለም። ይበላል።

እናቴ ሰው ከሆነ ይደግማል ብላለች። ደገምኩ።

"ወልደ ገብርኤል።"

ከኋላዬ... ከክፍሉ ውስጥ... በጣም ከሩቅ፣ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሰው እንደሚመልሰው...

"አቤት ብርዬ።"

እየሮጥኩ ገባሁ። ድራሙ ብቻ ነው ያለው። ነጭ ሆኖ፣ ዱቄት ለብሶ። የትልቁ ድራም ቆዳ መሐል ላይ የእጅ መዳፍ አለ። የታተመ አይደለም። ቆዳው ራሱ ወደ ውጭ አብጧል፤ ከውስጥ የሚገፋ መዳፍ። ቀኝ እጅ ነው።

ትንሿ ጣት ጎባጣ ናት።

ድራሙን ቀደድኩት ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። ቢላዋ አንስቼ ነበር። ዓብዱላሂ እጄን ያዘኝ። "እትዬ፣ ውስጥ ያለው እሱ ከሆነ ማንን ነው የሚወጉት?" አለኝ። ቢላዋውን አስቀመጥኩ።

የተቀመጠው ሰውዬ በማግስቱ አዲስ አበባ ሄደ። ጫኙን መኪና ባዶውን መልሼ፣ ድራሙን ይዞብኝ እንዳይሄድ ለመንኩት፤ "እኔ አልፈልገውም" አለ ቶሎ ብሎ። ሲወጣ ክፍሉን አላየም፤ ፊቱን አዙሮ ግድግዳውን ታክኮ አለፈ።

አልበሙ ወጣ። ዘላለም ከመሞቱ በፊት እንዲህ ይመታ ነበር እያሉ ሰዎች ያደንቃሉ ይሉኛል። የኤልሳዕ ስም የለበትም።

እኔ ግን ሥራዬን አልተውኩም። ቀትር ሲሆን ወፍጮውን አቆማለሁ። ከመጨረሻው ዱቄት በእፍኜ ይዤ ድራሙ ላይ እነሰንሳለሁ። ሁለቴ እጠራለሁ። አንዳንድ ቀን ይመልሳል። አንዳንድ ቀን ያቺን የምታነክስ አመታት በጣቱ ከውስጥ ይመታልኛል፤ ዱቄቱ ይዘላል። የሰፈሩ ሰው ብርነሽ አበደች ይላል። ይበል።

ትናንት ስልክ ተደወለ። ያ ሰውዬ ነው። በዓል አይደለም፤ ለበዓል ብቻ ነበር የሚደውለው።

"እትዬ ብርነሽ... የኋላው ክፍል በር ክፍት ነው?"

ይንሾካሾካል።

"ማን ነገረህ?"

"ይዝጉት። እባክዎ።"

"ለምን?"

ሲተነፍስ ይሰማኛል። ከዚያ ሌላ ነገር ሰማሁ። አንድ ነገር ይንኳኳል... ከሱ በኩል... ከደረቱ ውስጥ ነው የሚመስለው። ያቺ መጨረሻዋ ላይ አነክሳ የምትመለስ አመታት።

"እትዬ... ጣቴ መጉበጥ ጀመረች።"

"አልዘጋም" አልኩት። ስልኩን ዘጋሁ።

ገባሁ። ቀትር ነበር። የነሰነስኩት ዱቄት መሬት ላይ ተራግፏል። ቆዳው ላይ መዳፉ የለም።

የድራሙን ጠርዝ ይዘው፣ ከውስጥ ወደ ውጭ የወጡ አራት ቀጥ ያሉ ጣቶችና አንዲት ጎባጣ አሉ። ሊወጣ ሲል ጠርዝ እንደሚይዝ ሰው።

ጥፍራቸው ስር ዱቄት አለ።